ሁለት ገመድ በአንድ ችካል
የማይቋረጥ አገልግሎት እንዲሰጡ የታሰቡ ሰርቨሮች ለምን አብረው ይወድቃሉ?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። አባባሉ እውነት ነው፤ ሆኖም አንድ ነገር ሳይናገር አልፏል። ድሮቹ የቱንም ያህል ቢበዙ፣ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢፈተሉ፣ ሌላኛው ጫፋቸው በአንድ ችካል ላይ ብቻ የታሰረ ከሆነ፣ ችካሉ በተነቀለ ቀን አንበሳው ድሩን ሁሉ እየጎተተ ይሄዳል። ይህ ጽሑፍ ስለ ድሩ ብቻ ሳይሆን ስለ ችካሉም ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን መጥቀስ የማያስፈልግ አንድ ተቋም የተማሪዎችን ውጤትና ምዝገባ የሚይዙ ሁለት ሰርቨሮች ነበሩት። ሁለት የሆኑትም አንዱ ቢበላሽ ሌላው ወዲያውኑ ሥራውን ተረክቦ እንዲቀጥል ታስቦ ነው። በሰርቨር ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ንድፍ ሦስት ኔትወርኮችን በሦስት ቀለማት ያሳያል፤ ሰማያዊው ለተጠቃሚዎች፣ አረንጓዴው የአንዱ ሰርቨር መዝገብ ወደ ሌላው የሚገለበጥበት፣ ቀዩ ደግሞ ሁለቱ ሰርቨሮች «አለሁ» እየተባባሉ የሚጠያየቁበት ነው። ከእያንዳንዱ ሰርቨርም ሁለት ሁለት ኬብሎች ይወጣሉ። ንድፉን የተመለከተ ሰው ይህ ሥርዓት በቀላሉ አይወድቅም ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ተነሣ። ሰርቨሮቹ በዩፒኤስ ባትሪ ስለሚደገፉ ለአንድ ሰከንድ እንኳ አልጠፉም። ኃይል ከተመለሰ በኋላ ግን እንግዳ ነገር ታየ። አንድ የሬጅስትራር ሠራተኛ ያስገባው ውጤት በባልደረባው ኮምፒውተር ላይ አይታይም። ሁለቱም ሰርቨሮች እየሠሩ ነበር፤ ችግሩም እርሱ ነበር። እያንዳንዱ ሰርቨር ጓደኛው እንደሞተ አምኖ፣ ራሱንም ብቸኛ ኃላፊ አድርጎ፣ የየራሱን መዝገብ ይጽፍ ነበር። ስሕተቱ እስኪታወቅ ሰዓታት አለፉ፤ የተለያዩትን ሁለት መዝገቦች ከወረቀት ጋር እያመሳከሩ መልሶ አንድ ማድረግ ደግሞ ቀናት ፈጀ። በእነዚያ ቀናት ውጤታቸውን ለማየት በመስኮቱ ፊት ተሰልፈው «ነገ ተመለሱ» የተባሉት ተማሪዎች ስለ ኔትወርክ ምንም የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

ለዶክትሬት ጥናቴ ውጭ አገር በነበርኩበት ጊዜ የስሌት ክላስተር የመንከባከብ ተራ ይደርሰኝ ስለነበር፣ ምክንያቱን እንዲያፈላልጉ ከተጠሩት ሰዎች አንዱ ሆንኩ። ምክንያቱን ለመረዳት ግን አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ክላስተር ምን እንደሆነ፣ ሁለት መስመሮች እንዴት እንደሚደመሩ፣ አንድ መስመርም እንዴት እንደሚከፈል።

ክላስተርና የዘጠኞች ቁጥር

ክላስተር ማለት ለተጠቃሚው እንደ አንድ ሆነው የሚታዩ የሁለት ወይም ከዚያ በላይ ኮምፒውተሮች ስብስብ ነው። ክላስተር ለተለያየ ዓላማ ይቋቋማል። አንዳንዱ ከባድ ስሌትን ተከፋፍሎ ለመሥራት የሚውል ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ አገልግሎት እንዳይቋረጥ ለማድረግ የሚያገለግል ነው። እዚህ የምንነጋገረው ስለ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ባንክ፣ ሆስፒታል፣ የቴሌኮም ድርጅትና ዩኒቨርሲቲ የሚጠቀሙበትም ይኸው ዓይነት ነው።

የእንዲህ ዓይነቱ ሥርዓት ጥራት የሚለካው አገልግሎቱ በዓመት ውስጥ ስንት እጁን በሥራ ላይ እንደዋለ በመቁጠር ነው። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓታት አሉት። አገልግሎቱ 99 በመቶ ይሠራል ሲባል ጥሩ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በዓመት ከ87 ሰዓት በላይ፣ ማለትም ከሦስት ቀን ተኩል በላይ፣ ይቋረጣል ማለት ነው። 99.9 በመቶ ሲሆን መቋረጡ ወደ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ 99.99 በመቶ ሲሆን ወደ 53 ደቂቃ፣ 99.999 በመቶ ሲሆን ደግሞ ወደ 5 ደቂቃ ገደማ ይወርዳል። ባለሙያዎች «ስንት ዘጠኝ አለህ?» እያሉ የሚጠያየቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ዘጠኞችን ለማብዛት ያለው ዋነኛ መንገድ ደግሞ ፊዚክስ የተማረ ሁሉ የሚያውቀው ነው። አምፖሎች በተከታታይ ሲገናኙ የአንዱ መቃጠል ሁሉንም ያጠፋል፤ በትይዩ ሲገናኙ ግን አንዱ ቢቃጠል ሌሎቹ ይበራሉ። በሰርቨርና በተጠቃሚው መካከል ያሉት ዕቃዎች፣ ማለትም የኔትወርክ ካርዱ፣ ኬብሉ፣ ስዊቹና የኃይል ምንጩ፣ በተፈጥሯቸው በተከታታይ የተገናኙ ናቸው። የንድፍ አውጪው ሥራ እያንዳንዱን በትይዩ ማድረግ ነው።

ሁለት መስመር ሲደመር

የድሬዳዋ ሰው ስለ መስመር ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከተማችን የተወለደችው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ በደረሰ ጊዜ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ነጠላ መስመር ነበር። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ደግሞ ከሰበታ እስከ አዳማ ጥንድ፣ ከአዳማ እስከ ጅቡቲ ድንበር ድረስ ነጠላ ሆኖ ተሠርቷል። በጥንዱ ክፍል አንድ ባቡር በአንዱ ሐዲድ ላይ ቢቆም ሌላው በሁለተኛው ሐዲድ ሊያልፍ ይችላል። በነጠላው ክፍል ግን የቆመው ባቡር እስኪነሣ ድረስ ከኋላው ያለውም ከፊቱ የሚመጣውም ይጠብቃሉ።

የኮምፒውተር ኔትወርክም እንደዚሁ ነው። ዛሬ በየቢሮው የምናየው ኤተርኔት የተባለው የኔትወርክ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1973 በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል በሮበርት ሜትካፍና በዴቪድ ቦግስ የተጀመረ ነው። ኤተርኔት መረጃን ፍሬም በሚባሉ ቁራጮች ከፍሎ ያጓጉዛል። ሁለት ስዊቾችን በሁለት ኬብሎች ማገናኘት ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። ለሁሉም የተላከ ፍሬም በአንዱ ኬብል ሄዶ በሌላው ይመለሳል፤ ተመልሶም እንደገና ይሄዳል። ፍሬሙ «ይህን ያህል ከዞርኩ በቃኝ» የሚልበት ቁጥር ስለሌለው ዙሩ አያልቅም፤ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥም የተባዙት ፍሬሞች መስመሩን ሁሉ ያጥለቀልቁታል።

ለዚህ ችግር መላ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1985 በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ ትሠራ የነበረችው ራዲያ ፐርልማን ናት። ስፓኒንግ ትሪ የተባለው ዘዴዋ ስዊቾቹ እርስ በርስ ተነጋግረው ክብ የሚሠራውን ትርፍ መስመር እንዲዘጉና የተቀረው ኔትወርክ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ብቻ እንዲሆን ያደርጋል። ዋናው መስመር ሲበጠስ የተዘጋው ይከፈታል። ዘዴው ድንቅ ቢሆንም ሁለት ጉድለቶች ነበሩበት። አንደኛ፣ በገንዘብ የተገዛ መስመር ያለ ሥራ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው አሠራሩ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ለመሻገር ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይፈጅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2000 አይ ትሪፕል ኢ የተባለው ዓለም አቀፍ የመሐንዲሶች ማኅበር 802.3ኤዲ የተባለውን ደረጃ አወጣ፤ በ2008ም 802.1ኤኤክስ ወደሚባለው ተዛወረ። ዘዴው ሊንክ አግሪጌሽን ይባላል፤ እኛ የመስመር ድምር እንበለው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ኬብሎች በአንድ ስም ይጠቃለሉና ለሰርቨሩም ለስዊቹም እንደ አንድ ሰፊ መስመር ይታያሉ። አንድ መስመር ብቻ ስለሚመስሉ መዞር የለም፤ የሚዘጋም የለም፤ አንዱ ቢበጠስ ጭነቱ ወደ ተረፈው ይሸጋገራል። ሁለቱ ጫፎች በትክክል መገናኘታቸውን እየተጠያየቁ የሚያረጋግጡበት ቋንቋ ደግሞ ኤልኤሲፒ ይባላል።

ስለ መስመር ድምር ሁለት የተለመዱ የተሳሳቱ ግንዛቤዎች አሉ። የመጀመሪያው «ሁለት የአንድ ጊጋቢት ኬብል ካሰርኩ ፋይሌ በእጥፍ ፍጥነት ይደርሳል» የሚለው ነው። አይደርስም። የአንድን ባቡር ፉርጎዎች ነጣጥለን በሁለት ሐዲድ ብንልክ ጣቢያው ላይ በቅደም ተከተላቸው ስለመድረሳቸው ዋስትና የለንም። ስለዚህ ላኪው የላኪንና የተቀባይን አድራሻ ወስዶ ቀላል ስሌት ይሠራና በውጤቱ መሠረት የአንድን ውይይት ፍሬሞች ሁሉ በአንድ ኬብል ብቻ ይልካል። ብዙ ተጠቃሚዎች ሲኖሩ ጭነቱ በሁለቱ ኬብሎች ላይ ይከፋፈላል፤ በሁለት ሰርቨሮች መካከል የሚደረግ አንድ ትልቅ ቅጂ ግን ከአንድ ኬብል ፍጥነት አያልፍም።

ሁለተኛው ግንዛቤ «የኬብሉ ትንሽ መብራት ከበራ መስመሩ ደኅና ነው» የሚል ነው። መብራቱ የሚነግረን ከኬብሉ ጫፍ ላይ ኤሌክትሪክ ያለው ዕቃ መኖሩን እንጂ ያ ዕቃ ሥራውን እየሠራ መሆኑን አይደለም። ኤልኤሲፒ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በዝግታ ሲዋቀር በየ30 ሰከንዱ ይጠይቅና ሦስት ጊዜ መልስ ካጣ፣ ማለትም ከ90 ሰከንድ በኋላ፣ መስመሩን ከድምሩ ያወጣዋል። በፍጥነት ሲዋቀር ደግሞ በየሰከንዱ ይጠይቅና በ3 ሰከንድ ይወስናል። ሰርቨሮቹ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ «ጓደኛዬ ሞቷል» ብለው እንዲወስኑ አዋቅሮ መስመሩን በ90 ሰከንድ ላይ መተው፣ ዳኛው ምስክሩን ሳይሰማ እንዲፈርድ እንደ መፍቀድ ነው።

አንድ መስመር ሲከፈል

ቨርቹዋል ላን፣ በአጭሩ ቪላን፣ የዚህ ተቃራኒ ነው። የመስመር ድምር ብዙውን አንድ ሲያስመስል፣ ቪላን አንዱን ብዙ ያስመስላል። በ802.1ኪው ደረጃ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 እንደጸደቀው፣ በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ የ4 ባይት መለያ ይለጠፋል። ከመለያው ውስጥ 12 ቢት የቪላኑን ቁጥር ይይዛል። ሁለት በ12 ሲነሣ 4,096 ይሆናል፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ለሌላ ጉዳይ ስለተያዙ 4,094 ቪላኖች ለሥራ ይቀራሉ። ስዊቹ ቁጥር 10 የተለጠፈበትን ፍሬም የቁጥር 20 አባል ለሆነ ኮምፒውተር አይሰጥም። በአንድ ሐዲድ ላይ የመንገደኛ፣ የጭነትና የነዳጅ ፉርጎዎች ሲያልፉ በጎናቸው በተጻፈው ምልክት ተለይተው ወደየማራገፊያቸው እንደሚሄዱ ማለት ነው።

ጥቅሙ ብዙ ነው። በተማሪ ላቦራቶሪ የገባ ቫይረስ የፋይናንስ ክፍሉን በቀጥታ እንዳይነካ ያግዳል። ለሁሉም የሚላክ ጥሪ በቪላኑ ወሰን ውስጥ ብቻ ይቀራል። በመለያው ውስጥ ያሉት 3 ቢቶች ደግሞ ስምንት የቅድሚያ ደረጃዎችን ስለሚሰጡ፣ ሌሊት ትልቅ የመጠባበቂያ ቅጂ መስመሩን ሲሞላው የሰርቨሮቹ «አለሁ» የሚል አጭር መልእክት ቅድሚያ አግኝቶ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል። ይህ ሁሉ ደግሞ አዲስ ኬብል ሳይዘረጋ የሚገኝ ነው።

ይሁን እንጂ ቪላን የሚለየው ማን ማንን እንደሚሰማ ብቻ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ሐዲዱ ከተቆረጠ የመንገደኛውም የጭነቱም የነዳጁም ፉርጎ አብረው ይቆማሉ። በፉርጎው ጎን ላይ የተጻፈው ምልክት ሐዲድ አይሆንም።

ሦስት ቀለም፣ አንድ ሶኬት

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። በንድፉ ላይ በሦስት ቀለማት የተሣሉት ኔትወርኮች ሦስት ቪላኖች ነበሩ። ሦስቱም የሚጓዙት በእነዚያው ሁለት ኬብሎች ድምር ላይ ነበር። ሁለቱም ኬብሎች የሚገቡት በአንድ ስዊች ውስጥ ነበር። ስዊቹ ደግሞ ከዩፒኤሱ ሳይሆን በግድግዳው ላይ ካለው ተራ ሶኬት ኃይል ያገኝ ነበር። ችካሉ ይኸው ነበር።

መብራቱ ሲጠፋ ስዊቹ ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ሲነሣም እንደገና ለመጀመር ጊዜ ወሰደ። ባትሪ የነበራቸው ሁለቱ ሰርቨሮች በዚያ መካከል እርስ በርስ መሰማማት አቃታቸው። በክላስተር ውስጥ ይህ የ«አለሁ» መልእክት የልብ ትርታ ይባላል። የልብ ትርታው ሲቋረጥ አንድ ሰርቨር ሊለየው የማይችለው ነገር አለ፤ ጓደኛው ሞቷል ወይስ በመካከላቸው ያለው መንገድ ነው የተቆረጠው? ከውስጥ ሲታዩ ሁለቱ ፍጹም አንድ ዓይነት ናቸው። የመለኪያ መሣሪያው ዜሮ ሲያሳይ የሚለካው ነገር ዜሮ ይሁን ወይም የመሣሪያው ሽቦ ይበጠስ ከንባቡ ብቻ ማወቅ እንደማይቻል ሁሉ ማለት ነው። ሁለቱም የተዋቀሩት «ጓደኛህ ከሞተ ሥራውን ተረከብ» ተብለው ስለነበር ሁለቱም ተረከቡ። ባለሙያዎች ይህን ሁኔታ የአንጎል መከፈል ይሉታል። ስዊቹ ሲመለስ አንዳንዱ ተጠቃሚ ከአንደኛው፣ ሌላው ከሁለተኛው ሰርቨር ጋር ተገናኘ፤ መዝገቡም ለሁለት ተከፈለ።

ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ምልዓተ ጉባኤ ነው። ማንም ሰርቨር ከአባላቱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ካላገኘ ሥራ አይጀምርም። ሁለት አባላት ብቻ ካሉ ከግማሽ በላይ ማለት ሁለቱም ማለት ስለሆነ፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላው መቀጠል አይችልም። ስለዚህ ሦስተኛ አባል ያስፈልጋል። ይህ አባል አገልግሎት መስጠት የለበትም፤ በሌላ ሕንፃ ተቀምጦ የሚመሰክር አነስተኛ ኮምፒውተር ይበቃል። ሁለተኛው መድኃኒት ደግሞ ተረካቢው ሰርቨር ሥራ ከመጀመሩ በፊት የጓደኛውን ኃይል በርቀት ማጥፋቱን ነው። ጨካኝ ይመስላል፤ ግን «ሞቷል ብዬ እገምታለሁ» ከማለት «መጥፋቱን አረጋግጫለሁ» ማለት ለመዝገቡ ይሻላል። ይህ የማጥፊያ ትእዛዝም በዚያው በጠፋው ስዊች በኩል የሚያልፍ ከሆነ ከንቱ ነው።

ስሌቱ ምን ይላል?

አንድ መስመር ከዓመቱ ውስጥ 1 በመቶውን ይበላሻል እንበል። ይህ 87 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሁለት መስመሮች ብንዘረጋና ብልሽቶቻቸው ፈጽሞ የማይገናኙ ቢሆኑ፣ ሁለቱ አብረው የሚጠፉበት ዕድል አንድ መቶኛ ሲባዛ በአንድ መቶኛ፣ ማለትም አንድ አሥር ሺኛ ይሆናል። በዓመት 53 ደቂቃ ያህል ማለት ነው። አንድ ተጨማሪ ኬብል ብቻ ከ87 ሰዓት ወደ 53 ደቂቃ አወረደን።

አሁን ከእነዚያ ብልሽቶች ውስጥ አንድ አሥረኛው ሁለቱንም መስመሮች በአንድ ጊዜ የሚመታ ምክንያት ያለው ነው እንበል፤ ለምሳሌ የጋራ ስዊች፣ የጋራ ሶኬት ወይም የጋራ ቱቦ። አንድ አሥረኛው የ1 በመቶ 0.1 በመቶ ነው፤ ይህ ብቻውን ወደ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሆናል። የተቀረው 0.9 በመቶ በራሱ ሲባዛ የሚሰጠውን 43 ደቂቃ ስንጨምርበት ድምሩ ወደ 9 ሰዓት ተኩል ይደርሳል። ከአሥር ብልሽቶች አንዱ የጋራ መሆኑ ብቻ 53 ደቂቃውን ከአሥር እጥፍ በላይ አሳደገው። ሦስተኛና አራተኛ ኬብል ብንጨምር ቁጥሩ ከ8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ በታች አይወርድም፤ የጋራው ምክንያት ኬብል ቆጥሮ አይመታምና። መለኪያው እንግዲህ የመስመሮቹ ብዛት ሳይሆን የዕጣ ፈንታቸው መለያየት ነው።

ይህን ሐሳብ ለድሬዳዋ ነዋሪ ማስረዳት ከባድ አይሆንም። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ አብዛኛውን የዓመት ክፍል አሸዋ ብቻ ነው። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ ሌሊት ግን ከደጋው የወረደው ውኃ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ጎርፉ የዚህ ቤት የዚያ ቤት ብሎ አልመረጠም። ከወንዙ ዳርና ዳር ያሉ ሁለት ሕንፃዎችን በሁለት ኬብል ያገናኘ ሰው ሁለቱንም ኬብሎች በአንድ ድልድይ ካሻገራቸው፣ ኢንሹራንስ የገዛው ለአይጥ እንጂ ለጎርፍ አይደለም።

ነገሩ ከከተማም ከአገርም ይሰፋል። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ከዓለም ኢንተርኔት ጋር የምትገናኘው በጎረቤቶቿ በኩል ነው። ከጅቡቲ ማዶ ባለው በቀይ ባሕር ወለል ላይ አፍሪቃን፣ እስያንና አውሮፓን የሚያገናኙ ብዙ የፋይበር ኬብሎች ተዘርግተዋል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ከእነዚህ ውስጥ ሲኮም፣ ኤኤኢ-1 እና ኢአይጂ የተባሉት ሦስቱ ተጎዱ። በሚሳይል ተመትታ ስትንሳፈፍ የቆየችው ሩቢማር የተባለች መርከብ የጎተተችው መልሕቅ እንደጎዳቸው ብዙ ባለሙያዎች ገምተዋል። ኬብሎቹ ስማቸውም ባለቤታቸውም የተለያየ ነበር፤ የሚያልፉበት ጠባብ ባሕር ግን አንድ ነበር። በአንድ የሰርቨር ክፍል ሶኬት ላይ የሆነውና በባሕር ወለል ላይ የሆነው በመጠን እንጂ በጠባይ አይለያዩም።

በእኛ ከተማ ምን ይደረግ?

የሚከተሉት ምክሮች ከፍተኛ በጀት ለሌለው ተቋም የታሰቡ ናቸው።

አንደኛ፣ ሁለቱን ኬብሎች ወደ ሁለት የተለያዩ ስዊቾች ማስገባት ተገቢ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በተለመደው አሠራር አንድ የመስመር ድምር በሁለቱም ጫፉ በአንድ አንድ ዕቃ ላይ ያርፋል። በሁለት ስዊቾች ላይ እንዲያርፍ ከተፈለገ ስዊቾቹ ተጣምረው እንደ አንድ የሚታዩ መሆን አለባቸው። እንዲህ ዓይነቶቹ ስዊቾች ውድ ከሆኑ አማራጭ አለ፤ በሊነክስ ሰርቨር ላይ አንዱን ኬብል በሥራ፣ ሌላውን በተጠባባቂነት የሚያቆይ አሠራር አለ። ይህ አሠራር ከስዊቹ ምንም የተለየ ችሎታ አይጠይቅም፤ በሁለት ተራ ስዊቾችም ይሠራል። ፍጥነት አይጨምርም፤ ዕድሜ ግን ይጨምራል። የተጣመሩት ውድ ስዊቾችም ቢሆኑ ሶፍትዌራቸው የጋራ ስለሆነ በአንድ ስሕተት አብረው ሊወድቁ እንደሚችሉ መርሳት አይገባም።

ሁለተኛ፣ ለልብ ትርታው ከቪላኑ ሌላ የራሱ መንገድ ይሰጠው። ሁለቱ ሰርቨሮች አጠገብ ለአጠገብ ከሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀጥታ የሚሄድ፣ በምንም ስዊች ውስጥ የማያልፍ አንድ ኬብል ይበቃል። በክላስተር ሥራ ውስጥ ከዚህ የረከሰ ዋስትና አላውቅም። ቪላኑ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ የልብ ትርታው በሁለቱም መንገድ ይሂድ።

ሦስተኛ፣ ኃይልና ሙቀት እንደ ኔትወርክ ይቆጠሩ። ሁለት የኃይል ማስገቢያ ያለው ሰርቨር ሁለቱም ገመዶቹ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ከተሰኩ ሁለት ኃይል የለውም። ስዊቹም ከሰርቨሩ እኩል ባትሪ ይገባዋል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ ደግሞ ሁለቱ ስዊቾች በአንድ ሣጥን ተቀምጠው በአንድ ማቀዝቀዣ የሚተማመኑ ከሆነ፣ በግንቦት አንድ ቀን ማቀዝቀዣው ሲቆም ሁለቱም አብረው ይግላሉ።

አራተኛ፣ ከውጭ የሚገባው መስመር ይጠየቅ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው በድሬዳዋ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ተቋማት ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ አማራጭ አግኝተዋል። ይሁን እንጂ ከሁለት ድርጅቶች መግዛት ብቻውን ሁለት መንገድ መግዛት አይደለም። «ፋይበሩ በየትኛው መንገድ፣ በየትኛው ድልድይና በየትኛው ምሰሶ ያልፋል?» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅና መልሱን ከከተማው ካርታ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

አምስተኛውና ዋነኛው፣ ይሞከር። ተጠቃሚ በማይኖርበት ሰዓት፣ መጠባበቂያ ቅጂ ከተያዘ በኋላ፣ አንዱን ኬብል መንቀል ነው፤ ከዚያም አንዱን ስዊች ከነኃይሉ ማጥፋት፤ ከዚያም አንዱን ዩፒኤስ። በላቦራቶሪ ያልተፈተነ ግምት ፊዚክስ እንደማይባል ሁሉ፣ ሆን ተብሎ ያልተነቀለ ኬብልም መጠባበቂያ አይባልም። በዚያ ተቋም ከሁለቱ ኬብሎች አንዱ ተነቅሎ ተሞክሮ ነበር፤ አገልግሎቱም ሳይቋረጥ ቀጥሎ ነበር። ስዊቹን ለማጥፋት ግን ማንም አላሰበም ነበር፤ ንድፉ ላይ ሦስት ቀለም ስለነበረ።

መዝገቡ ከተስተካከለ በኋላ በመጀመሪያው ቀን የተደረገው ጥገና ሁለት ነገሮችን ብቻ የያዘ ነበር። ስዊቹ ወደ ዩፒኤሱ ተዛወረ፤ በሁለቱ ሰርቨሮች መካከልም አንድ ሜትር የማይሞላ ኬብል በቀጥታ ተዘረጋ። ሁለተኛው ስዊችና ምስክር የሚሆነው ሦስተኛ ኮምፒውተር በጀት ሲገኝ ተከተሉ። የግድግዳው ንድፍም እንደገና ተሣለ። ሦስቱ ቀለማት አሁንም አሉ፤ ከእነርሱ በታች ግን ቀድሞ ያልነበረ አንድ ረድፍ ተጨምሯል። በዚያ ረድፍ ላይ እያንዳንዱ ዕቃ የተሰካበት ሶኬት በቁጥር ተጽፏል።